ከታንከሩ ሥር

ውሃ ወደ ሰፈራችን በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምሰማው ባሌን ነው። ቧንቧው አየሩን ያስወጣል፣ ይንኳኳል፤ ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ባለው የብረት ማማ ላይ የተቀመጠው ታንከር መሙላት ሲጀምር፣ ከሥሩ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ እሰማለሁ። ባሌ ክፍል ገብቶ ማስተማር ከመጀመሩ በፊት እንደዚያ ያደርግ ነበር፤ አጠር አድርጎ፣ ደገም አድርጎ። ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤቶቼ ‹‹ማይ መጺኡ››፣ ውሃ መጣ፣ እየተባባሉ ጀሪካን ይዘው ሲሯሯጡ እኔ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። መቐለ ውስጥ ውሃ ሲመጣ የሚከፋት ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የዚህ ከተማ ተወላጅ አይደለሁም። ወሎ ተወልጄ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው የመጣሁት። ተምሬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር ከእናቴ የተለየሁት፤ አንድ ረጅም የፊዚክስ አስተማሪ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ለቀቀልኝና ይኸው ቀረሁ። ሓድነት የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተን ገባን፤ እኔ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ትግርኛዬን ሰምቶ የማይስቅ የባሌ ዘመድ አልነበረም፤ እኔም አማርኛቸውን እየሰማሁ ብድሬን እመልስ ነበር።

ከቤታችን ጀርባ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለ። በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው የሚሠሩበት። በርና መስኮትም ይሠራሉ፤ እንጀራቸው ግን የታንከር ማማ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ታንከር የሌለው ቤት ቤት አይባልም፤ ታንከሩ ደግሞ ውሃው ወደ ቤት እንዲወርድ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አራት የብረት እግር፣ ከላይ ጠፍጣፋ መደብ፣ ከመደቡ ላይ ታንከር፤ ይኸው ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ሲሞላ ግን ከመኪና ይከብዳል።

ማኅበሩን ያቋቋሙት አንድ ሽማግሌ በያጅ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ኣቦይ ይላቸዋል፤ አባቴ እንደማለት ነው። ኣቦይ አንድ የማይታጠፍ ደንብ ነበራቸው። ማማው ተተክሎ ታንከሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ፣ የበየደው ሰው ከሥሩ ገብቶ ይቆማል። ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ንቅንቅ የለም። ሰው ደንበኛውን ሊዋሽ ይችላል፣ ቄሱንም ሊዋሽ ይችላል፤ አናቱ ላይ የሚሰቀለውን ብረት ግን አይዋሽም። በዚህ ደንብ የማኅበሩ ስም ከሓድነት አልፎ ቁሓ ድረስ ተሰማ። ማማ ሊያሠራ የመጣ ሰው ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ‹‹ማን ይቆምልኛል?›› ብሎ ነበር። የሚቆመው ሰው ይጠራል፣ እጁን ከጥላሸት ጠርጎ ይወጣል፣ ይጨባበጣሉ፤ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።

የእኛን ግቢ ማማ የሠሩት ራሳቸው ኣቦይ ናቸው። ሲሞላ ከሥሩ ገብተው ቆሙ። ባሌ ወንበር ቢያወጣላቸው ‹‹ተቀምጦ መቆም የለም፣ መምህር›› ብለው መለሱት። ያን ቀን በጣም ስቀናል።

በኋላ የብየዳው ብርሃን ዓይናቸውን እየጎዳው ሄደና ሥራ ትተው ቁሓ ልጃቸው ቤት ገቡ። ወርክሾፑ ውስጥ አራት ሰዎች ቀሩ። አንዱ ሊቀመንበር ሆነ፤ ከደንበኛ ጋር የሚዋዋለው እሱ ነው፣ የባሌም አብሮ አደግ ነው። ሁለተኛው ብረት ይገዛል፣ ይቆርጣል። ሦስተኛው ሞርዶ ቀለም ይቀባል። አራተኛው፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰው፣ ብዙውን ጊዜ ከመበየጃው አይለይም። ጦርነቱ አልፎ ሰው የፈረሰበትን መጠገን ሲጀምር ሥራው በላያቸው ላይ ተቆለለ። ድሮ አንድ ማማ የአንድ ሰው ሥራ ነበር። አሁን ለፍጥነት ሲሉ ተከፋፈሉት፤ መብራት ባለ ሰዓት እጁ ባዶ የሆነ ሁሉ መበየጃ ያነሣል፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል።

እንዲህ የተሠራ ማማ ሲተከል ታዲያ ‹‹ማን ይቁም?›› የሚል ጥያቄ መጣ። እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ‹‹የኔ ነው›› ለማለት አልቻለም፤ እውነትም የማንም አልነበረም። ደግሞ ታንከር እስኪሞላ ከሥሩ ቆሞ የዋለ ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም። ሊቀመንበሩ መላ አመጣ፤ የሚቆም ሰው እንቅጠር አለ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ደንቡን ቢሽሩት ኖሮ ምናልባት አንዱ ተነሥቶ ይከራከር ነበር። እነሱ ግን ደንቡን እያከበሩ ነው ያፈረሱት።

የቀጠሩት ባሌን ነበር። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተፈናቃዮች ሰፍረው ነበር፤ ትምህርት የለም፣ ደመወዝ የለም። የኔም እንደዚያው። ሊቀመንበሩ ቤት ድረስ መጥቶ ‹‹ሥራ አይደለም እኮ፣ መቆም ብቻ ነው›› ሲለው ባሌ ሳቀና ‹‹ይኸው በመጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ›› አለኝ። መጽሐፍ ይዞ ይሄዳል፣ ከታንከሩ ሥር ቆሞ ያነባል፣ ሲፈስበት ረጥቦ ይመለሳል። ደንበኞቹ በጣም ወደዱት። በያጅ ከሚቆምላቸው ይልቅ አስተማሪ ሲቆምላቸው ልባቸው የበለጠ ያምናል፤ የተማረ ሰው በማያምንበት ነገር ሥር አይገባም ብለው ይሆናል።

አንድ ቀን ሽሮ እያማሰልኩ ‹‹ቢወድቅስ ምን ይሉሃል?›› አልኩት።

‹‹ከወደቀማ ምንም አይሉኝም›› አለኝ።

ማማሰያውን አንሥቼ አስፈራራሁት። እሱ እየሳቀ ወጣ።

የወደቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዲስ በተሠራ የአንድ ግለሰብ ቤት ግቢ ውስጥ። ቤቱ ገና የቧንቧ መስመር ስላልገባለት ባለቤትየው በቦቴ ውሃ አስመጥቶ ነበር። ቦቴው ከአጥር ውጭ ቆሞ በጎማ ሲሞላ ማማው አንዱ እግሩ ለቀቀ። ግቢው ውስጥ ከባሌ በቀር ሰው አልነበረም። ስልክ ሲደወልልኝ መጽሐፍ እየደረደርኩ ነበር። ያየሁትን አልጽፈውም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ በዚያ ወራት አንድ ጀሪካን ውሃ ፍለጋ ሰው ከተማውን ያቋርጥ ነበር፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ያ ሁሉ ውሃ ጭቃ ሆኖ ተኝቷል፣ ጎረቤቱም አጥር ዳር ቆሞ ያያል። መሬቱ እየጠጣው ነበር። ድምፁ ይሰማ ነበር።

የማኅበሩ ሰዎች ለቀብሩ ምንም አላጓደሉም፤ ይህን ካልመሰከርኩ እበደላለሁ። ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚ አመጡ፣ አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸከሙ። አራቱም አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይነሣሉ። ‹‹ጽንዓት ይሃብኪ፣ ሓፍተይ›› ይሉኛል፣ ጽናቱን ይስጥሽ እህቴ እያሉ። ፖሊስ ‹‹ማን ነው የበየደው?›› ብሎ ሲጠይቃቸው አራቱም ‹‹እኛ›› አሉ። አዎ፣ ሁላችንም ሠርተነዋል፣ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም አሉ። ነገሩ አደጋ ነው ተብሎ ተዘጋ። ለቅሶ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ‹‹ቀኑ ደርሶ ነው›› እያለ ያጽናናኛል። ቀን ብረት አይበይድም ልላቸው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ይህ ተረት የተነገረው ስለ መረዳዳት ነው፤ ሰው ተባብሮ ሲሠራ ያምራል። ጥፋትም እንደ ሎሚው ሲከፋፈሉት ቀልሎ እጅ ላይ የሚያምር መሆኑን ያወቅኩት ግን ያን ሰሞን ነው። አራቱ ሰዎች ባሌን ተከፋፍለው ይዘውታል፤ ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው እንቅልፍ የሚነሣ አልነበረም። ሙሉው የቀረው እኔ ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ በመቐለ መንገድ መሄድ ከበደኝ። ይህች ከተማ ጣሪያዋ ሁሉ ታንከር ነው። ጥቁሩም ሰማያዊውም ከየግቢው አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። በአጥር ጥግ መሄድ ትቼ መሀል አስፋልት መሄድ ጀመርኩ፤ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ይሰድበኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ማማ ‹‹አንተንስ ማን ነው የሠራህ?›› እለዋለሁ፣ በልቤ። ቤት ስገባ የሱ ጫማ በር ላይ አለ፤ ውሃ ሲመጣ ያ የጉሮሮ ድምፅ አለ። እኔ የምፈልገው ብዙ ነገር አልነበረም። ካሳ አልፈለግኩም፣ እስርም አልፈለግኩም። አንድ ሰው በሬን አንኳኩቶ ‹‹እኔ ነኝ›› እንዲለኝ ብቻ ነው የፈለግኩት። ቂሜን የማሳርፍበት ፊት አጣሁ። ፊት የሌለው ቂም ደግሞ ቤት ውስጥ ይዞራል፣ አብሮ ይተኛል።

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ቀን ሥልጠና ተዘጋጀና ገባሁ። ግድግዳው ላይ ተጠያቂነት የስኬታማ ተቋም መሠረት ነው የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። አሠልጣኙ ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት ‹‹በአንድ ተቋም ውስጥ ለሚፈጠረው ነገር ሁላችንም ተጠያቂ ነን›› አለ። እጄን አወጣሁ።

‹‹ይቅርታ መምህር፣ ሁላችንም የሚባለውን ሰው ያውቁታል? እኔ ፈልጌ ፈልጌ ቤቱን አጣሁት።››

ሰው ሳቀ። አሠልጣኙም ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሻዩንም አልጠጣሁም።

እስከዚያው ወርክሾፑ ደረቀ። ደንበኛ ይመጣና የድሮውን ጥያቄ ይጠይቃል፣ ‹‹ማን ይቆምልኛል?›› የሚመልስ የለም። የሚቀጠርም ሰው ጠፋ። በሩ እየተከፈተ እየተዘጋ፣ ከዚያ ተዘግቶ የሚውልበት ቀን እየበዛ ሄደ። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ ጧት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አራቱም ግቢዬ መጡ። ከፊታቸው ኣቦይ፣ የልጃቸው ልጅ እጃቸውን ይዛ። አራቱም እንደ ወጉ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። በደለኛ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይጎነበሳል፤ ተበዳይ ‹‹አውርደው›› ካለ ነገሩ ያልቃል። ወግ ነው፤ ወሎም ያለ ነው። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አጥር ላይ ተደገፈ።

‹‹ጓለይ›› አሉኝ ኣቦይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ‹‹እነዚህ ልጆች በድለዋል። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በያቸው።››

‹‹ኣቦይ፣ ይቅር ማለት አያቅተኝም›› አልኳቸው። ‹‹ማንን ነው ይቅር የምለው?››

‹‹ሁላችንን›› አለ ሊቀመንበሩ፣ እንደተጎነበሰ።

ደሜ ፈላ። ‹‹ሁላችሁን አላውቅም። ማማው አራት እግር ነበረው፤ የለቀቀው አንዱ ነው። የዚያ እግር ባለቤት አንድ ሰው ነው። እሱ ብቻውን ይምጣ፤ ድንጋዩንም መሸከም የለበትም። ለአራት የተካፈላችሁት ድንጋይ ምን ይከብዳል? አውርዱት። ይቅር ብዬ አይደለም፤ ሳየው ስላስጠላኝ ነው።››

አጥር ላይ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌ መመለስ ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ የሰው አገር ሰው ነኝ። ኣቦይ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ አራቱ ዞሩና ‹‹ሓቃ እያ›› አሏቸው፤ እውነቷን ነው። ‹‹ተነሡ። በየራሳችሁ ሂዱ።›› ድንጋዮቹን አጥር ሥር ጥለው ወጡ፤ አብረው ግን አልሄዱም።

መጀመሪያ የመጣው በዕድሜ የሚያንሰው በያጅ ነው። ቤተ መጻሕፍት ድረስ መጣ፤ ተማሪዎች መሀል ቆሞ ባርኔጣውን ያሻል። ወደ ውጭ ወጣንና ከዛፍ ሥር ቆምን።

‹‹ሓፍተይ፣ እግሩ የኔ ነው›› አለኝ። ‹‹የኋላውን እግር ነካ ነካ አድርጌ ብቻ አያያዝኩት፤ ዙሪያውን ልዘጋው ስል መብራት ሄደ። ሲመጣ እዘጋዋለሁ ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ስገባ ተቀብቶ ቆሟል። ሲቀባ እኮ ያለቀ ይመስላል። ሌላ ሰው ዘግቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩት። አላየሁትም። ማየት እችል ነበር።››

አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው የማወርደውን ስድብ ሳጠራቅም ነው የኖርኩት። ሲገኝ አንዱም አልመጣልኝም። እጆቹን ነው ያየሁት፤ የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው፣ ነጠብጣብ የሞላባቸው እጆች። እዚያው ተቀመጥኩ። እሱም ተቀመጠ። ‹‹ሂድና የነገርከኝን ለጓደኞችህ ንገራቸው›› አልኩት። ‹‹ሕራይ›› ብሎ ሄደ፤ እሺ ማለቱ ነው። ነገራቸውም።

እፎይ አልኩ፤ አበቃ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ቀለም ቀቢው መጣ። ‹‹ክፍተቱን አይቼዋለሁ›› አለኝ። ‹‹ስሞርድ አየሁት፤ ጣት የሚያስገባ አልነበረም እንጂ ክፍት ነበር። ለዓይን አስቀያሚ ስለሆነ በስቱኮ ሞልቼ ቀባሁት። በያጁ ጥፋተኛ ነኝ ሲል ስሰማ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ክፍቱን ያየ ሁሉ ይጮህ ነበር፤ እኔ ነኝ የደበቅኩት።›› ቀጥሎ ብረት ገዢው መጣ። ወፍራሙ ብረት ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ቀጭኑን ገዝቶ፣ ለማንም ሳይናገር ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ቆርጦታል። ‹‹ብየዳው ቢዘጋም ያ እግር አይችልም ነበር ይሆናል›› አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

እንዴት እንደደነገጥኩ ለመናገር ይቸግረኛል። አንድ ሰው ስፈልግ ነበር የኖርኩት፤ ያ ሰው ሲገኝ ሁሉም በርቶ የሚታይ መስሎኝ ነበር። እነሱ ‹‹እኛ›› ሲሉ ውሸት አልነበረም ማለት ነው። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥፋት ነበራቸው። ግን ማንም የራሱን አውጥቶ ሳያይ፣ በጅምላ ጠቅልለው ነበር የያዙት። ‹‹እኛ›› የሚባለው ቃል ውስጥ እያንዳንዱ የራሱን ሸሽጎ ነበር፤ አንዱ ከሌላው ጭምር። አንዱ ብቻ ቀድሞ ‹‹እዚህ ጋ ክፍት ነው›› ቢል ኖሮ ሌሎቹ መናገር አያቅታቸውም ነበር፤ በኋላ እንዳላቃታቸው ሁሉ። ያ አሠልጣኝ ይህን ቢናገር ሻዩን ጠጥቼ እመለስ ነበር።

አንድ ቀን ወርክሾፑ ድረስ ሄጄ ሦስቱንም በየተራ፣ እያንዳንዱን በሠራው ሥራ እየጠራሁ፣ ይቅር አልኳቸው። የብየዳውን ለበያጁ፣ የስቱኮውን ለቀቢው፣ የብረቱን ለገዢው። በጅምላ አላልኩም። ቀቢው እንደ ልጅ አለቀሰ። ሊቀመንበሩ ጥግ ቆሞ ነበር፤ እኔም ምንም አላልኩትም፣ እሱም ምንም አላለኝም። እሱ ያን እግር አልበየደም፣ አልቀባም፣ ብረቱንም አልገዛም፤ ሰው መቅጠሩን እንደ ጥፋት ቢቆጥር ኖሮ መጥቶ ይናገር ነበር ብዬ ተውኩት።

ወርክሾፑ ተከፈተ። የድሮው ደንብ ተመለሰ፤ አንድ ማማ ለአንድ ሰው፣ የሠራውም ይቆማል። የመጀመሪያውን ሥራ ያዘዙት ኣቦይ ናቸው፣ ለልጃቸው ቤት። በያጁ ከሥሩ ሲቆም አላየሁም፤ መሄድ አልቻልኩም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ሞልቶ ሲፈስ ግን ወዲያው አልወጣም አሉኝ። ቀስ በቀስ ሰው መምጣት ጀመረ። ሥራው እንደ በፊቱ አይበዛም፤ ሲዘገይም ደንበኛው አይቆጣም። እኔም ትንሽ ትንሽ መተኛት ጀምሬ ነበር። ያ የጉሮሮ ድምፅ ግን አልለቀቀኝም። ለምን እንደማይለቀኝ አልገባኝም ነበር፤ ያልተነገረ ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር።

ሊቀመንበሩ የመጣው ክረምት ሲወጣ ነው። ቀን ላይ፣ ብቻውን፣ ሳያንኳኳ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ግባ አልኩት፤ ደጃፉ ላይ ያለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በልጅነታቸው ከባሌ ጋር በአንድ ብስክሌት ተፈናጠው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ ያን ሊያወራልኝ የመጣ መሰለኝ። እጁን ኪሱ ከትቶ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣና መሀላችን አስቀመጠው። ፈታሁት። የባሌ መነጽር ነበር።

አንዱ መስታወት ላይ አቧራ አለ እንጂ አልተሰበረም። ከዚያ ግቢ እንዴት ሳይሰበር ተረፈ?

‹‹ከየት አመጣኸው?››

‹‹እሱ ነው የሰጠኝ።››

‹‹መቼ?››

‹‹ያን ቀን።››

‹‹እዚያ ነበርክ?››

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ከመሬቱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ነገረኝ። ቦቴው ደርሶ ነበር። ውሃው ግማሽ ድረስ ሲሞላ የኋላው እግር ላይ ቀለሙ ተሰነጠቀ። ባሌ ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ ስቱኮው እየረገፈ ወረደ። ከሥር ወጥቶ ወደ ሊቀመንበሩ መጣና ‹‹ይሄ አልተዘጋም፣ አቁማቸው›› አለው።

‹‹የቦቴው ሾፌር ይጮሃል፣ ባለቤትየው ቁልፍ ሊያመጣ ሄዶ ሊመለስ ነው፣ ሌላ ሦስት ማማ ቃል ገብቼ ነበር›› አለኝ። ‹‹አሳፈረኝ። ተናደድኩና ‘ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ የተቀጠርከው ለመቆም ነው፣ ለመመርመር አይደለም’ አልኩት።››

‹‹ምን አለህ?››

‹‹አየኝ ብቻ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ‘ያዝልኝ’ አለኝ። ተመልሶ ገባና ቆመ።››

ባሌ ያለ መነጽር የራሱን ጣት ለይቶ አያይም። እዚያ ተመልሶ የገባው ቤት ውስጥ ዱቄት ስላልነበረ ነው፤ ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልገኝም፣ እኔ ነኝ የማውቀው። መነጽሩን ያወለቀው ላለማየት ነው። ባሌ ላይ ተናደድኩ፤ እንደዚያ ቀን በሕይወቱም በሞቱም ተናድጄበት አላውቅም። አንዴ ተናገረና ተወው። አንዴ ብቻ።

‹‹ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልመለስክልኝም?›› አልኩት መነጽሩን ይዤ።

‹‹ብመልስልሽ እንዴት እጅህ ገባ ትይኛለሽ።››

‹‹እሱ ተመልሶ ሲገባ አንተስ የት ሄድክ?››

‹‹ወጣሁ።››

‹‹ወዴት?››

‹‹ከአጥሩ ውጭ። ቦቴው ጋ።››

‹‹ለምን ወጣህ?››

የጎረቤት ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። መሐረቡን አንሥቶ አጠፈው፣ ደግሞ ፈታው፣ ደግሞ አጠፈው።

‹‹አልተዘጋም ሲለኝ አምኜው ነበር›› አለኝ።